ባለቤቴ ገበያ ሄዳለች

እናንተዬ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ እኔ ግን አልቻልኩም።

እንደምታውቁት አዳማ ላይ የጅቡቲው ባቡር የሚቆምበትን ጣቢያ ከሚጠብቁት ወታደሮች አንዱ ነኝ። ላጤው ጦር ሰፈር ውስጥ በድንኳን ያድራል። ባለትዳሩ ከተማ ቤት ይከራያል፤ ኪራዩን ከኪሱ ይከፍልና ወሩ ሲያልቅ ይተካለታል። ታዲያ በቃሉ ብቻ አይታመንም። ሻምበላችን ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ሚስቲቱን ሰላም ብሎ ነው የሚከፍለው።

የኔዋ አስካለ ደግሞ ሞታለች።

ወባ ነው የወሰዳት፣ በዚሁ በጥቅምት መግቢያ ላይ። ቀብሬያት ተመለስኩና ጦር ሰፈሩ ውስጥ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን አጥቤ ደጅ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ሴት ያለችበት ቤት ይምሰል ብዬ። ብልጠቴን አያችሁልኝ?

ሻምበሉ መጣ። «ወይዘሮዋስ?» አለኝ።

«ገበያ ሄዳለች፣ ጌታዬ።»

ይሄዳል ብዬ ነበር። ሰውየው መደቡ ላይ ተቀመጠና «ፀሐዩ ከሯል፤ እስክትመጣ ልጠብቃት» አይል መሰላችሁ!

ጠበቃት። እኔም አብሬው ጠበቅኳት። ትንሽ ቆይቼ የእውነት የምትመጣ መሰለኝና በር በሩን ማየት ጀመርኩ።

ከዚያ ለቅሶ ተሰማ።

የአስካለ አክስት እትዬ ጫልቱ፣ ሁሩታ ሆና መርዶውን የሰማችው ገና ሰሞኑን ነው። እንደ ወጉ ከሩቅ ጀምራ እየጮኸች፣ ደረቷን እየደቃች መጣች። «ያ ኢንተላ ኮ! ልጄ፣ አስካለዬ! ሳልቀብርሽ!»

ሻምበሉ ዞሮ አየኝ። በቀብሯ ዕለት እንባ እንኳ ያልወጣኝ ሰውዬ፣ ውጅግራ ጠመንጃዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቆቡን አወለቀ። «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። ቆቡን መልሶ አጠለቀና ደግሞ፣ «ቤቱን ግን ትለቃለህ፣ ወንድሜ። ደንብ ነው።»

ለብሩ ብዬ መስሏችሁ ነበር? ለቤቱ ነው እንጂ፤ ያለ ብሩ ኪራዩን አልችለውም። ግድግዳውን በእበት የለቀለቀችው አስካለ ናት፤ ከመደቡ በላይ የጣቶቿ ፈለግ አለ። ግድግዳ ነቅሎ ድንኳን የሚያስገባ ሰው የለም እንጂ እኔ እሞክረው ነበር።

አሁን እትዬ ጫልቱ ነጠላውን ከገመዱ ላይ እያወረደች ነው። «ገና አልደረቀም፣ ይቆይ» ብላት ዳሰስ አደረገችውና፣ «ደርቋል፣ ልጄ» አለችኝ።

እስቲ በሞቴ፣ እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ገበያ ሄዳለች አትሉም ነበር?