የግራ እጄ ሦስት ጣቶች

ግባ፣ ግባ። እጄን ግን አትጨብጠኝ፤ ክርኔን ያዝ። አይጋባም፣ ለስንት ሰው ልማል? ቅባት ተቀብቼ ነው፤ ሸሚዝህን እንዳላበላሽብህ።

እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ እትዬ ዘነቡ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ አይደል? በጾም ግን አስተናጋጅ ብሎ ነገር የለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ሁሉም ነጭ ሽንኩርት ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ተቀምጠን እንልጣለን። ጾሙ ሳይጋመስ የግራ እጄ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት ጫፋቸው ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ ማሳከክ ጀመረ።

አበሻ ደግሞ በእጁ ነው የሚበላው። ትሪ ይዘህለት ስትመጣ ምግቡን ትቶ ያንተን ጣት ያያል። እትዬ ዘነቡ፣ ለፋሲካ ካልዳነ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አሉኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው፣ ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል? እስክድን ድረስ ከአዳራሹ አውጥተው ወጥ ቤት አስገቡኝ። ምን ልሠራ? ነጭ ሽንኩርት ልልጥ። ድሮ ጠዋት ብቻ ነበር፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ሆነልኝ።

ከዚያ ሁሉም ሐኪም ሆነ። ወጥ ሠሪዋ የሰው ዓይን ነው አለች። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ አማርኛ የሚያውቁ አንድ ኤርትራዊ ደንበኛ አሉን፤ እሳቸው ደግሞ የናይሮቢ ውሃ ነው አሉ። እትዬ ዘነቡ ግን አልተከራከሩም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው፣ በዘይት ለውሰው፣ ጣቴን በጨርቅ አሰሩልኝ። ያቃጥላል ስላቸው፣ ያቃጠለ ነው የሚሠራው አሉ። ባሰብኝ። ሲብስብኝ ጨመሩበት።

መጨረሻ ላይ ተደብቄ ማታቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩና መሃል ከተማ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ወጣት ኬንያዊት ናት። «ፖሌ»፣ አይዞህ እንደ ማለት ነው፣ አለችኝና ስለ በሽታዬ ሳይሆን ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ስትልጥ ምኑን በየትኛው እጅ ትይዛለህ አለች። ቢላው በቀኝ፣ ሽንኩርቱ በግራ፣ በሦስት ጣት። ጣቶቼን አየች፣ እኔን አየች። ገብቷታል፤ ግን እርግጠኛ ልሁን ብላ ጀርባዬ ላይ ነጭ ሽንኩርትም ያለበት የተለያየ ነገር በፕላስተር ለጠፈችብኝና እንዳልታጠብ፣ እንዳያልበኝ አስጠነቀቀችኝ። ማታቱ ውስጥ ታፍኖ አለማላብ እንዴት ነው?

ከቀናት በኋላ እሷ ጋ ስመለስ የነጭ ሽንኩርቱ ቦታ ብቻ ቀልቶ አብጧል። በቃ፣ አለርጂ። ሲነካካህ ከርሞ አንድ ቀን ቆዳህ ቂም ይይዝበታል፣ ከዚያ በኋላ ይቅር አይልም አለችኝ። ቅባት አዘዘችልኝ፤ ዋናው መድኃኒት ግን አለመንካት ነው አለች። ጓንትስ ስላት፣ ተራውን ጓንት ያልፈዋል አለችኝ። ጓንት የሚያልፍ ሽንኩርት ሰምተህ ታውቃለህ?

ለእትዬ ዘነቡ ነገርኳቸው። ነጭ ሽንኩርት የማይስማማው አበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ ብለው ደንበኛውን ሁሉ አሳቁብኝ። ቢሆንም ከሽንኩርቱ አጠገብ ድርሽ አልልም ብዬ ድርቅ አልኩ። እያጉረመረሙ በር ላይ እንግዳ ተቀባይ አደረጉኝ። ቅባቴን ስቀባ ሰነበትኩ። ስንጥቁ ገጠመ፣ ማሳከኩ ተወኝ።

ይኸው ፋሲካ ደረሰ። ዛሬ ጠዋት እትዬ ዘነቡ እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ። ደስ አላቸው። ወጥ ቤቱን በሙሉ ጠርተው አሳዩልኝ። እኔም፣ አዳራሹ ተመለሰልኝ ብዬ ሽርጤን ላነሳ ስል እንዲህ አሉኝ፦

«አየህ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በል ና፣ ለዶሮው የሚላጥ አለ።»