ከጥቁሯ ኳስ ወዲያ

በሐይቅ ከተማ በፑል አጨዋወት ረገድ ከፍተኛ መሻሻል መታየቱን ስገልጽ ደስታ ይሰማኛል። እስካለፈው ክረምት ድረስ እኛ ኋላ ቀሮች ነጯን ኳስ መሐሏን እንመታና የፈለግናትን ኳስ ቀዳዳ ውስጥ እንከት ነበር። አሁን ይሄ ቀርቷል።

ያስቀሩልን የመዝናኛ ቤቶች ክትትል ኃላፊያችን አቶ ዝናው ናቸው። አዳማ ለስልጠና ሄደው ሲመለሱ ፋልሶ ይዘው መጡ። ፋልሶ ማለት ነጯን ጎኗን መትቶ እያሾሩ ለሚቀጥለው ምት የሚመች ቦታ ላይ ማቆም ነው። ክፋት የለውም፤ የሚችል ሰው ሲያስፈልገው ይጠቀምበታል። እሳቸው ግን በእያንዳንዱ ምት ይሁን አሉ። ስብሰባ ጠርተው "ኳስ ማስገባት የአጭር ጊዜ እይታ ነው፤ ዋናው ፖዚሽን ነው" ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ምሳው የዓሣ ጥብስ ነበር።

ቀጥሎ ፋልሶ የማያስመታ ቤት ይታሸጋል ተባለ። ይሄኔ ኑርዬ ደነገጠ። ኑርዬ ከአንዲት የፑል ጠረጴዛ በቀር ምንም የለው፤ ከነሚስቱ ከነልጆቹ የሚያድረው በእሷ ነው። አቤት ሊል ሲሄድ አቶ ዝናው ራሩለትና ከጎረቤት ከተማ ከውጫሌ ጋር በሚደረገው የዋንጫ ግጥሚያ ተጫዋች ያሰልፍ፣ አቋሙ ይታያል አሉት። ኑርዬም ማዕረግን አሰለፈ። ማዕረግ ባጃጅ ነጂ ነው። ነጯን መሐሏን ይላታል፣ ኳሷ ትገባለች፣ ነጯም አስቦባታልና ደህና ቦታ ትቆማለች። ሌላ ጣጣ የለውም።

የግጥሚያው ቀን ቤቱ ጢም አለ። የውጫሌው ዋለ ቀላል ሰው አልነበረም፤ ማዕረግ ግን ኳሶቹን አንድ በአንድ ለቀማቸውና በመጨረሻ ጥቁሯን ቀጥ አድርጎ ከተታት። ኑርዬ "አልሐምዱሊላህ" እያለ አቀፈው። ጨፈርን። አቶ ዝናው እጃቸውን ሲያነሱ ዝም አልን።

"መሐሏን ምታ ያለህ ማነው?"

"ገባች እኮ፣ ጋሽ ዝናው።"

"መግባቷን ማን ጠየቀህ? ነጯን ተመልከት። ለሚቀጥለው ምት ምን ፖዚሽን አላት?"

"የሚቀጥል የለም። ጥቁሯ የመጨረሻዋ ናት።"

አቶ ዝናው አብሯቸው ወደ መጣው የክትትል ኮሚቴ ዞሩ። "አያችሁ? የነገ እቅድ የሌለው ትውልድ።" ኮሚቴው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያም ተወሰነ፤ ጥቁሯ ወደ ቦታዋ ትመለስ፣ ማዕረግ በፋልሶ ይድገማት፣ እምቢ ካለ ቤቱ ይታሸግ። ዋለ ሳይቀር "ኧረ አሸንፎኛል፣ ወደ አገሬ ልሂድበት" ብሎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም።

ማዕረግ ኑርዬን አየው።

"በቃ እንዳሉህ አድርግ፣ ወንድሜ" አለው ኑርዬ። "ልጆቼን አስብልኝ።"

ማዕረግ ጎኗን መታት። ነጯ እየሾረች ጥቁሯን አለፈቻት፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ እየነካካች ዞራ ዞራ ራሷ ቀዳዳ ውስጥ ገባች። በፑል ሕግ ይሄ ሽንፈት ነው። ኮሚቴው ግን ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አቶ ዝናው እንባ አቅርረው ነበር።

እኔ አፌ አያርፍም፤ "ጌታዬ፣ ነጯ እኮ ጠረጴዛው ላይ የለችም" አልኳቸው።

"ጠረጴዛው አልበቃትም" አሉኝ።

ዋንጫው ውጫሌ ሄደ። የኑርዬ ቤት አልታሸገም፤ እንዲያውም ሞዴል ተባለ። ሁላችንም ቀኑን ሙሉ እዚያ ነጯን እናሾራለን። ማዕረግ ብቻ በዚያ በር እንዳያልፍ ታግዷል። ቆሞ የሚመልሰውም ራሱ ኑርዬ ነው፤ ዓይኑን ማየት እያፈረ።

"ኧረ ምን አጥፍቼ ነው?" አለው ትናንት።

"እኔ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ። ኳስ ያስገባል ተብለህ ነው።"