ሎሚዋ አለች

ነገሌ ቦረና ውስጥ ሰላምታ በችኮላ አይሆንም። ሰው ሲያገኛችሁ መጀመሪያ ስለ እናንተ ይጠይቃል፤ ከዚያ ስለ ቤታችሁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቶቻችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁ። ከብት ይኑራችሁ አይኑራችሁ የእሱ ጉዳይ አይደለም። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ በዕድሜዬ አንዲት ዶሮ እንኳ አርብቼ አላውቅም። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ኦቦ ዋቆ ግን በየማለዳው በር ላይ አስቁመው የከብቶቼን ደህንነት ይጠይቁኛል፤ እኔም «ናጋ» እላለሁ፣ ሰላም ናቸው ማለቴ ነው። የሌለ ከብት ከሰላም በቀር ምን ሊሆን ይችላል?

የሚከብደኝ ከዚያ የሚቀጥለው ነበር። «ኢጆሌን ናጋ?» ይሉኛል፤ ልጆቹስ ሰላም ናቸው? ከባለቤቴ ከትዕግሥት ጋር አሥራ አንድ ዓመት ያለ ልጅ ነው የኖርነው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት እዚሁ ነገሌ። በየማለዳው «ናጋ» ብዬ፣ ያልተወለዱ ልጆቼን ሰላም አድርጌ ወደ ክፍል እገባ ነበር። ኦቦ ዋቆ ነገረኛ እንዳይመስሏችሁ! እኒህን የመሰለ ደግ ሰው አላየሁም፤ ሰላምታው ነው እንዲህ የተሠራው። እንዲያውም ውሎ አድሮ ጥያቄው ደስ ይለኝ ጀመር። የሌሉትን ልጆቼን በየቀኑ የሚጠይቅልኝ ሌላ ማን ነበረኝ?

በኋላ እግዜር ሰጠን። ሴት ልጅ። ትዕግሥት ስሟን «ምላሽ» አለቻት፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ልመና የተሰጠ ምላሽ መሆኗ ነው። ስሙን ስናወጣ ያልገመትነው ነገር ቢኖር፣ ምላሽ ስትጠራ እንደማትመልስ ነው።

ዓመት ሞላት፤ ቃል የለም። ዓመት ከሁለት ወር ሆናት፤ ቃል የለም። «ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰው ልጅ የወለደ አይመስለኝም። ከኋላዋ ሆነን «ምላሽ!» ስንላት ዞር አትልም። «አባባ በዪ» እላታለሁ፣ ታየኛለች። «አባባ!» እላለሁ ደግሜ ራሴው፤ ቀኑን ሙሉ ራሴን አባባ ስል እውላለሁ። አእምሮ ያዳብራል ተብዬ ከሞያሌ የመጣ የፕላስቲክ ስልክ ገዛሁላት። ስልኩ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፣ ይዘፍናል፣ ቀይና አረንጓዴ ያበራል፣ በመሃል በቻይንኛ ነው መሰለኝ ይቆጣል። ከጧት እስከ ማታ ሲለፈልፍ ይውላል። ባትሪው ሲደክም ወዲያው እቀይራለሁ፤ የልጅ አእምሮ ቀልድ አይደለማ!

አማቴ ከጎንደር ደውለው «ሁለት ቋንቋ ተደባልቆባት ነው» አሉ። እኔ የፈራሁት ጆሮዋን ነው። ትዕግሥት የፈራችውን አልነገረችኝም፤ ብቻ አንድ ቀን የምላሽን ልብስ እያጠበች ስታለቅስ አገኘኋት። በዚያው ቀን ሐዋሳ ወስደን ጆሮዋን ልናስመረምር ወሰንን። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ወሬው ኦቦ ዋቆ ድረስ ደረሰ፤ ሻንጣ ተዘጋጀ።

ትዕግሥት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ቀን ቀን ምላሽን የሚይዙልን ጎረቤታችን አዴ ሐሊማ ናቸው። ግቢያችን አጠገብ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፣ በምሳ ሰዓት ልጄን ልወስድ ብቅ አልኩ።

አዴ ሐሊማ ደጃፉ ላይ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ምላሽ። በመካከላቸው ሁለት ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳና አንዲት ሎሚ። የጣሳዎቹ ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተኝቷል። አንድ ደንበኛ ፌስታሉን ይዞ ስኳር ይጠብቃል። ማንም ስላላየኝ ከእሱ ኋላ ቆምኩ።

አዴ ሐሊማ ሎሚዋን በአንደኛው ጣሳ ከደኗት። «ሎሚን ኤሳ ጂራ?» አሉ፤ ሎሚዋ የት አለች? ከዚያ ዝም።

ያ ዝምታ ነው የገረመኝ። እኛ መምህራን እንደምታውቁን ነን፤ ጠይቀን፣ ተማሪው አፉን ሳይከፍት መልሱን ራሳችን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። እሳቸው ግን የዓለም ጊዜ ሁሉ የሳቸው የሆነ ይመስል ጠበቁ። ስኳር ፈላጊውም ጠበቀ። ልጄ አንዱን ጣሳ አየች። ሌላውን አየች። የአዴ ሐሊማን ፊት አየች። እጇን ሰደደች፣ መለሰች፣ እንደገና ሰደደች። ጣሳውን ስታነሳው ሎሚዋ ተንከባለለች።

«ጂያ!» አለች ምላሽ።

«ጂራ!» ብለው አዴ ሐሊማ አጨበጨቡ።

ይህቺን «ጂያ» ቤት ውስጥ ስንት ሳምንት ሰምቻታለሁ! ትራስ ገልጣ «ጂያ»፣ የእናቷን ቦርሳ ከፍታ «ጂያ»፣ እኔ ከሥራ መጥቼ በር ስከፍት «ጂያ»። የሕፃን ጉርምርምታ ነው ብዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደርግባት ነበር። ጆሮዬ «አባባ» እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃላ! ጂራ ማለት እኮ «አለ» ማለት ነው። «አለሁ» ሲባልም ጂራ ነው። ኦቦ ዋቆ በየማለዳው «አካም ጂርታ?»፣ እንዴት አለህ፣ ሲሉኝ «ናጋ ጂራ»፣ በሰላም አለሁ፣ እያልኩ የምመልሰው፣ በቀን መቶ ጊዜ አፌ የሚለው ቃል ነው።

በፊደላችን «አለ» ተብሎ ሲጻፍ ተናገረ ይሁን ኖረ አይለይም፤ ማጥበቅና ማላላቱን ለአንባቢው ትቶለታል። እኔ «ምን አለች? ምን አለች?» እያልኩ በላላው ስጨነቅ፣ ልጄ በጠበቀው ተናግራ ጨርሳለች። ልጄ «አለ» አለች።

ደግሞ ነገሩ የቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቁስ አካል አይጠፋም እያልኩ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ለፈተና ያህል ይቀበሉኛል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ለደመወዝ ያህል ነው የማስተምረው። ይህቺ ስምንት ጥርስ ያላት ፍጡር ግን በዓይኗ የማታየው ነገር መኖሩን ራሷ ደረሰችበት! ከጥቂት ወራት በፊት እኮ ሎሚ ሲከደንባት ሎሚ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፍቶ ነበር። አሁን የተሸፈነ እንዳልጠፋ ታውቃለች። ማን ነገራት? እንዴት አወቀች? አዴ ሐሊማ እንኳ አልነገሯትም፤ ደብቀው ጠየቋት እንጂ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን፤ የዚያን ቀን ልጅ ያቦካው ለኔ ለዕድሜዬ በቃኝ። የምሬን ነው የምላችሁ፣ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«አዴ ሐሊማ፣ ይህቺ ልጅ ትሰማለች ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ያ ባርሲሳ!» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ሳትሰማ እንዴት ትመልሳለች?»

«ቤት ስንጠራት ዞር አትልም እኮ።»

«ቤት ያ ፕላስቲክ ይጮሃላ! እዚህ ይዛው ስትመጣ ባትሪውን አወጣለሁ። በዚያ ጩኸት መሃል እኔም ስሜን አልሰማ።»

«ታዲያ መናገሯን ለምን አልነገሩንም?»

አዴ ሐሊማ ስኳር ሊመዝኑ ተነሱና ትክ ብለው አዩኝ። «አባት መምህር፣ እናት የመንግሥት ጸሐፊ፤ የምታውቁ መስሎኝ!»

ከልጄ ኋላ ተንበረከክሁ። አልጮህኩም፤ በሹክሹክታ «ምላሽ» አልኩ። ዞር አለች። ባርኔጣዬን ፊቴ ላይ ደፋሁት። ከዚያ ትንንሽ ጣቶች ባርኔጣዬን ጎተቱት፤ «ጂያ!» አለች፣ አፍንጫዬን ይዛ። አባባ መባል ቢቀርብኝስ? አለ ተብያለሁ!

ማታ ትዕግሥት ከሥራ ስትገባ ከበሩ ጀርባ እንድትደበቅ ነገርኳት። «ኧረ ተወኝ፣ ደክሞኛል» አለች፤ ግን ተደበቀች። ምላሽ እየተንገዳገደች ሄዳ በሩን ሳበችና እናቷን አገኘቻት። ቃሏን ስትናገር ምን ማለት እንደሆነ መተርጎም አላስፈለገኝም። ትዕግሥት እያለቀሰች «ደግሞ ልደበቅ» ብላ ስድስት ጊዜ ተደበቀች። ስልኩ ያለ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተሰቀለ፤ ጣሳና ሎሚ ሥራ ጀመሩ።

በነጋታው የጠየቅሁትን ፈቃድ ልሰርዝ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምላሽን ትቻት መሄድ አላስቻለኝም፤ ታቅፌያት ሄድኩ። ኦቦ ዋቆ በር ላይ ናቸው።

«አካም ጂርታ፣ ባርሲሳ?»

«ናጋ ጂራ፣ ኦቦ ዋቆ።»

«ዋሪ ናጋ?» ቤተሰቡስ?

«ናጋ።»

«ሎን ናጋ?» ያው ከብቶቼን ነው።

«ናጋ።»

«ኢጆሌን ናጋ?»

እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት በሌለችበት ስመልስላት የኖርኩት ጥያቄ ነው፤ ቃሉ ሳላስበው ይወጣልኛል። የዚያን ቀን ግን የጥያቄው ባለቤት ራሷ ቀደመችኝ።

«ጂያ!» አለች ምላሽ፣ ጣቷን ወደ ኦቦ ዋቆ ጢም ቀስራ።

ሽማግሌው ልጄን አዩ። እኔን አዩ። ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ባርሲሳ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሐዋሳ ሊመረመር የነበረው የማን ጆሮ ነው?»

የአብዬን ወደ እምዬ ይሏችኋል ይሄ ነው። መልስ አልነበረኝም፤ ምላሽ ግን ክንዴ ላይ ነበረች።