«ት» የጎደለችበት ገና

የፊደል ገበታችንን ያየ ሰው አንዲት ፊደል ብትጎድል የምንጎዳ አይመስለውም። «ሀ» ሦስት ነው፣ «ሰ» ሁለት፣ «ጸ»ም ሁለት፤ ከዚህ ሁሉ ሠራዊት አንዷ ብትከዳ ማን ልብ ይላል? «ተ» ግን አንድ ናት፤ ተተኪ የላትም። ይህን ያወቅሁት በትምህርት አይደለም። እኔ የመርሳ ሚኒባስ ሾፌር ነኝ፤ ያስተማረኝ የደሴ መንገድ ነው።

ጦርነቱ ከእኛ አካባቢ ዞር ብሎ፣ ስልክ ከወራት ዝምታ በኋላ መንተባተብ በጀመረበት ሰሞን፣ በገና ዋዜማ የአክስቴ የእትዬ ዘነቡ ስልክ ጮኸ። አዲስ አበባ የምትኖረው አንድያ ልጃቸው ሰናይት ናት። እነዚያን ወራት ሁሉ እናት ስለ ልጅ፣ ልጅም ስለ እናት ወሬ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አለቀሱ። (እናንተስ ብትሆኑ?) ልቅሶው ሲያልቅ ኔትወርኩም ሊያልቅ ሆነና እትዬ ዘነቡ የሰሙት ይህን ብቻ ነው፦

«እማዬ፣ ከነልጄ ደሴ... ላይ ነን! ገናን እዚሁ ነው የምንውለው!»

ጢጥ።

«ደሴ ደርሰዋል!» ብለው እልል አሉ። መንገድ ፈርተው እዚያ የቀሩ መሰላቸው። እኔም አመንኩ፤ ያን ሰሞን ወደ ወልድያም ወደ መርሳም የሚመለስ ሰው ደሴ ሳያድር አይመጣም ነበር።

ከእትዬ ዘነቡ ቆጥ ከጦርነቱ ዘረፋ የተረፈ አንድ አውራ ዶሮ ነበር። ሰናይት ስትመጣ ብለው ጎተራ ውስጥ ደብቀው፣ በጮኸ ቁጥር ድምፁን በሳል እየሸፈኑ ነው ያቆዩት። ጎረቤቱ የሳንባ በሽታ የያዛቸው መስሎት ጤና አዳም ያመላልስላቸው ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያን ዶሮ ወጥ አድርገው በአገልግል አሸከሙኝ። «ከእጄ ሳትቀምስ ለኔ ገና አይደለም» አሉኝ።

ውርጌሳን፣ ውጫሌን፣ ሐይቅን አልፌ፣ በየኬላው አገልግል እየከፈትኩ ደሴ ገባሁ። (ፈታሾቹ ዶሮውን ሲያዩ ፍተሻው ይረዝማል፤ አልፈርድባቸውም፣ ጾም የተፈታበት ቀን ነው።) ፒያሳ ጠየቅሁ፣ መናኸሪያ ጠየቅሁ፣ ዘመድ ቤት ጠየቅሁ። የለችም። ተፈናቃዮች ያረፉበት አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ቆሜ ሳለ ሰናይት ራሷ በቪዲዮ ደወለች።

«የት ናችሁ? ደሴን እኮ ዞሬ ጨረስኳት!»

«ደሴ ምን ትሠራለህ?»

«አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ደሴት ነው ያልኩት! ደሴ-ት!»

ስልኩን ዞር አደረገችው። ባሕር! መስመር ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ የጀነሬተር መካኒክ የሆነው ባሏ ሕንድ ውቅያኖስ መሐል ያለ ሆቴል ሥራ አግኝቶ ይዟቸው ሄዷል። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዓሣ አለ። ባልየው የኮኮናት እንጨት ቆልምሞ ከልጁ ጋር ገና ይጫወታል፤ ጥንጓ እየደጋገመች ባሕር ትገባባቸዋለች።

«አገልግሉን እስቲ ክፈተው» አለችኝ። ከፈትኩት። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለሰናይት ዶሮ አለኝ በስልክ ሆነባት፤ አለቀሰች። «ይዘኸው እንዳትመለስ፣ የእማዬ ልብ ይሰበራል። ለሚበላ ስጥልኝ።»

አጠገቤ ከራያ የመጣች ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ተቀምጣለች። ስልኩን ግድግዳ አስደግፈን አብረን በላን፤ ሰናይት ዓሣዋን፣ እኛ ዶሮአችንን። «እንኳን አደረሰሽ እቴዋ፣ በስምሽ ጎርሼልሻለሁ» አለቻት ሴትዮዋ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መርሳ ገባሁ።

«በሉ?» አሉኝ እትዬ ዘነቡ።

«በሉ።»

«ጠገቡ?»

«አጥንት ብቻ ነው የቀረው።» ውሸት የለበትም፤ እነማን እንደበሉ አልተጠየቅሁም።

«ታዲያ ለምን አልመጡም?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። «ደሴት ማለት ምንድነው?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ዙሪያውን ውኃ የከበበው፣ ከሌላው የተቆረጠ መሬት ነው እትዬ።»

«ስልክ አለው?»

«አለው።»

«መብራትስ? ገበያስ?»

«ሞልቷል።»

ባዶውን አገልግል ተቀበሉኝ። «እንግዲያማ ደሴት ላይ የከረምነው እኛ ነና! ልጄማ ከሰው መሐል ናት፤ ተመስገን» ብለው ሳቁ።

ይኼኔ ከጎረቤት አንድ አውራ ዶሮ ጮኸ። እትዬ ዘነቡ ሳያስቡት ሳሉ።