መኪና በሌለበት ዳገት ላይ የተፈጠረ የትራፊክ መጨናነቅ

ሁለት ኢትዮጵያውያን አንድ በር ላይ ከተገናኙ ያ በር ለጊዜው ከአገልግሎት ውጪ ነው። «ይግቡ» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» «እንዴት ተደርጎ!» ሲባባሉ ከኋላቸው የመጣው ደቡብ አፍሪካዊ ሌላ በር ፈልጎ ይገባል፣ ጉዳዩን ይጨርሳል፣ ተመልሶ ሲወጣ እነሱ ገና «በመድኃኔዓለም!» ላይ ናቸው። እኔ ይህን እንደ ጌጥ ነበር የምቆጥረው። ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ ስሸጥ፣ አንዳንድ ደንበኛ ባህላችሁ ምንድን ነው ብሎ ከጠየቀኝ ከምግቡ በፊት ይሉኝታን ነበር የማስረዳው። ይሉኝታ ሁለት ሰው ሊገድል እንደሚችል ያወቅሁት ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤዛ ነው። ቤዛ የጋሽ አድማሱ ልጅ ናት፤ ጆበርግ ተወልዳ ሮዘተንቪል ሰፈር ያደገች፣ አማርኛዋን ከአባቷ፣ ድፍረቷን ከከተማው የወሰደች። ሁለት ዓመት ወድጃት፣ እሷም ወዳኝ፣ በወጉ ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ አድማሱ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ «ለማላውቀው ሰው ልጄን እንዴት እሰጣለሁ?» ብለው ሸኟቸው። እንዳያውቁኝ ደግሞ ያደረጋቸው ይኸው የጋብቻ ጥያቄዬ ራሱ ነው። ልጅ የጠየቀ ሰው መልስ ሳያገኝ እንኳን ቤታቸው ሊሄድ በሰፈራቸው ማለፍም ያሳፍረዋል። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እሳቸው ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ካዩ እኔ ወደ በሩ አያለሁ። በዚህ ዓይነት እንዴት ነው የምንተዋወቀው?

መፍትሔውን ያመጣችው ቤዛ ናት። አባቷ ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ «ካልተንቀሳቀሱ አይሆንም» ስላላቸው የጠጠር መንገድ ብስክሌት ገዝታላቸዋለች። አንድ ቀን ደውላ፣ ዳዲ ቅዳሜ ራይድ ሊያደርግ ነው፣ አንተም ና፣ መንገድ ላይ ራስህ ጠይቀው፣ «ጀስት አስክ ሂም፣ ምን ይከብዳል?» አለችኝ። ምን ይከብዳል! ስንት ትውልድ በሽማግሌ፣ በአማላጅ፣ በነፍስ አባት ሲያልፍ የኖረውን ነገር ይቺ ልጅ ፔዳል ላይ ጨረሰችው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለማግባት ስለጨነቀኝ ብስክሌት ላይ ወጣሁ።

ቦታው ከከተማው ወጥቶ በስተሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት የሚያስነዳ ኮረብታማ እርሻ ነው። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ጣሊያን ለሽርሽር ሄዶ አካሉ ብቻ የተመለሰ ሰው ይመስለኛል። ወይራ ተክሏል፣ ጥድ ደርድሯል፣ የጠጠር መንገዱን በኮረብታው ዙሪያ ጠምዝዞታል፣ አናቱ ላይ ደግሞ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ከነማማው አስቀምጧል። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ፣ ከመኪና ነፃ በሆነ መንገድ የሜዲትራኒያንን ኮረብቶች ያለ ፓስፖርት ይጎብኙ ይላል። የጥገኝነት ወረቀቱን ለማሳደስ ለሚሰለፍ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ቀላል ግብዣ አይደለም። ብዙ ወንድሞቻችን ያንን ባሕር ለማየት የከፈሉትን ስለማውቅ ግን ቀልዱን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ጋሽ አድማሱ ዘበኛውን «ሳውቦና» ብለው ሰላም ካሉት በኋላ ግንቡ መቼ እንደተሠራ ጠየቁት። እሱም፣ እኔ ስቀጠር ገና ሲሚንቶ ያቦኩ ነበር ባባ፣ ብሎ ሐቁን ነገራቸው። ጋሽ አድማሱ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ግንብ ሥር ኳስ ተራግጠው ነው ያደጉት። ኮረብታውን ቀና ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፤ ይህም ግንብ ቢጠየቅ ጣሊያን አጎቴ ነው ሳይል አይቀርም።

አሁን ስለ ችሎታችን ልናገር። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ከመራመዴ ብዙም ሳልዘገይ ነው ብስክሌት የነዳሁት። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ናት። እሳቸው ደግሞ ከዳገት አገር ናቸው፤ ብስክሌት ግን ቤዛ እስክትገዛላቸው ድረስ ነክተው አያውቁም። እኔ ብስክሌት አውቃለሁ፣ ዳገት አላውቅም፤ እሳቸው ዳገት ያውቃሉ፣ ብስክሌት አያውቁም። ሁለታችን ተጣምረን አንድ ሙሉ ብስክሌተኛ እንወጣ ነበር።

አለባበሳችንም እንዲሁ ነው። ጋሽ አድማሱ የሱፍ ሱሪያቸውን እግሩን ካልሲ ውስጥ ከተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ በላዩ የራስ ቁር ደፍተዋል። እኔ ቤዛ የሰጠችኝን ከጭን ጋር የሚጣበቅ ቁምጣ ለብሻለሁ። አማች ልሆናቸው የምፈልጋቸውን ሰው በዚህ ሁኔታ ፊት ለፊት ማየት ስላልቻልኩ ሹራቤን ወገቤ ላይ እንደ ሽርጥ አሰርሁ። በዚህ ክብር ጉዞ ተጀመረ።

ገና ከመነሣታችን ቤዛ «ሻርፕ ዳዲ፣ ላይ እንገናኝ!» ብላ በጆበርግ አነጋገር ተሰናብታ አባቷን ጥላቸው ሄደች። የወለዷትን አባት፣ በቀኝ በኩል፣ ያለ አንዳች ይቅርታ! ሁለታችን ቀረን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ «ጋሼ፣ አንድ ነገር…» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ነገሩን ሳልጨርስ ሜዳው አለቀ።

ዳገቱ ሲጀምር ጋሽ አድማሱ ቀዘቀዙ። እኔም ቀዘቀዝሁ። እንደገና ቀዘቀዙ። ብስክሌት ደግሞ በጣም ሲቀዘቅዝ የመውደቅ ጠባይ አለው። ማለፍ እችል ነበር፤ መንገዱ ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። ግን ልጃቸውን የለመንኳቸውን ሰው፣ ያውም ታላቄን፣ አቧራ አልብሼ እንዴት ልለፍ? ነገ «አስተዳደጉ ያው ዳገት ላይ ታየ» አይባልም? ወርጄ ልግፋ ደግሞ? ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው እየነዱ ወጣቱ ከወረደ፣ «ይህ ነው ልጄን የሚሸከመው?» ይሉኛል። ስለዚህ አላለፍሁም፣ አልወረድሁም፣ በኋላቸው እየተንገዳገድሁ ቀጠልሁ። ጉልበቴ ነደደ፣ ዓይኔ ብዥ አለ፣ ጆሮዬ ውስጥ የማላውቀው ከበሮ ተመታ።

ጋሽ አድማሱ በየመቶ ሜትሩ ዞር ብለው ያዩኛል። እየፈተኑኝ መሰለኝ። ስለዚህ ባዩኝ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ያ ፈገግታ ነው ሁለታችንንም ያስፈጀን። ፈገግ ስል እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ፔዳሉን ይረግጣሉ፤ እሳቸው ሲረግጡ እኔም እረግጣለሁ። በመካከሉ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ነጭ ሴትዮ ከኋላ መጥተው፣ ጠዋቱ ደስ ይላል ብለውን፣ ሁለታችንንም አልፈው ተሰወሩ። እንዲህ የቀለሉት ዕድሜ ልካቸውን ይሉኝታ ሳይሸከሙ ስለኖሩ ይሆናል።

አንድ ኩርባ ላይ ስንደርስ የጋሽ አድማሱ ብስክሌት ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከዚያ የትም አልሄደም። በቀስታ ወደ ሣሩ ጋደሙ። እኔም ከአክብሮት የተነሣ አጠገባቸው ወደቅሁ። እኚህ ሰው እዚህ ቢቀሩ ለቤዛ ምን እላታለሁ? «ልጠይቃቸው ነበር፤ አልመለሱልኝም» ልላት ነው? እየዳኽሁ ሄጄ ውኃዬን ሰጠኋቸው። ጠጡ፣ ተነፈሱ፣ ከዚያ እኔን በንዴት አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ለምንድን ነው የማታልፈኝ?» አሉኝ።

እንዴት አልፍዎታለሁ ጋሼ አልኋቸው። ለካ እሳቸው ከመጀመሪያው ዳገት ጀምሮ የሚጠብቁት እኔ እንዳልፋቸው ነበር፤ እኔ ካለፍኋቸው ማንም ሳያያቸው ወርደው ሊገፉ። ዞር እያሉ የሚያዩኝም «በእግዚአብሔር እለፍ» ለማለት ነው። እኔ ግን ከኋላ ሆኜ እንደ አሳዳጅ ጥርሴን እያሳየሁ መጣሁባቸው። «እንዲህ ከሣቀ ትንፋሽ ተርፎታል፤ እኔ ብወርድ ነገ እድሩ ሁሉ ይሰማል ብዬ እኮ ነው ነፍሴን የሰጠሁት!» አሉ። እኔም የራሴን ተናዘዝሁ። ከዚያ ሣቅ መጣብን፣ ሆዳችንን ይዘን ሣሩ ላይ ተንከባለልን። መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች የትራፊክ መጨናነቅ ፈጥረን አንድ ሰዓት ተጉላልተናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት ጎን ለጎን ሆነን ብስክሌቱን እየገፋን ወጣነው። በሕይወቴ እንደዚያች ሩብ ሰዓት ከሰው ጋር የተጫወትሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ስለ ስኳራቸው አወሩኝ፣ ስለ ሟች ሚስታቸው አወሩኝ፣ ቤዛ ስታገባ ቤቱ ጭር ይልብኛል ብለው እንደሚፈሩም አወሩኝ። አዘንሁላቸው፤ ጥያቄዬንም ዋጥሁት። ግንቡ ሊደረስ ሲል ግን እሳቸው ራሳቸው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ስማ፣ የእድር ሊቀ መንበር ነኝ። ለሐኪሙም ለማኅበሩም ይህን ዳገት እበላዋለሁ ብያለሁ። መግፋታችንን ማን ያውቃል?» አሉኝ። ከእኔ አይወጣም ብዬ ማልሁ። አሰቡ። የባዳ መሐላ አይታመንም አሉ። የቤት ገመና ግን ከቤተሰብ አይወጣም አሉ። ከዚያ መንገዱን በሁለቱም በኩል ቃኝተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸው» አሉኝ።

አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ብስክሌቱን ጥዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል፣ «ተው፣ ሰው ያየናል» ብለው ከለከሉኝ። ሃያ ሜትር ሲቀረን አቧራችንን አራገፍን፣ ላባችንን ጠረግን፣ ብስክሌታችን ላይ ወጥተን ግንቡ በር ላይ ደረታችንን ነፍተን ገባን። ቤዛ ማማው ላይ ሆና አጨበጨበች። ጎበዞች፣ ሳትወርዱ ነው የመጣችሁት አለች። አባቷ፣ ዳገት ለእኛ ምን አላት አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰርጋችን ሮዘተንቪል አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። እድሩ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ ሐኪሙም ተጋብዟል። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ቤዛ የፍቅራችንን ታሪክ በስክሪን ታሳያችኋለች ተባለ። የሕፃንነት ፎቶ አለፈ፣ የትምህርት ቤት ፎቶ አለፈ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ቪዲዮ መጣ። ያ የሲሚንቶ ማማ ለካ የድሮ ሰዎች ግንብ የሚሠሩበትን ምክንያት ሳይረሳ ነው የተሠራው፤ መንገዱ ከሥር እስከ አናት፣ ከነኩርባው፣ አንድ ጠጠር ሳይቀር ይታያል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ብስክሌት ይገፋሉ። ይቆማሉ። ግራና ቀኝ ይቃኛሉ። አንዱ ሊንበረከክ ሲል ሌላው ይጎትተዋል። ልብሳቸውን ያራግፋሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ብስክሌት ላይ ይወጣሉ፣ ደረታቸውን ይነፋሉ።

አዳራሹ በእልልታና በሣቅ ተናወጠ። ሐኪሙ ሳይቀር ጠረጴዛ ይደበድባል። ጋሽ አድማሱ ከወንበራቸው ተነሥተው በቀስታ ወደ እኔ መጡ፣ ሊመርቁኝ መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እንግዲህ ሰው ሁሉ ካወቀው፣ ልጄን የሰጠሁህ ለምንድን ነው?» አሉኝ።