ባዶ ገንዳ ሰማንያ ዲግሪ

ሰው ይዋሻል እንጂ ቁጥር አይዋሽም የሚሉ ሰዎች አሉ። የታደሉ ናቸው፤ ቁጥር ጠግነው አያውቁም። እኔ ቃሊቲ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ከፍቼ የምኖር ሰው ነኝና እመኑኝ፣ ቁጥር ይዋሻል። ሰው እንኳ ሲዋሽ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፤ ቁጥር ግን ቀይ መብራቱን አብርቶ ፊት ለፊት ነው የሚዋሸው።

አገሩ ሁሉ በግምገማ ተኝቶ በግምገማ በሚነሣበት ዘመን አቃቂ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አንዱ ጠራኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ነገም ሥራ ይሰጡኝ ይሆናል። ያነጋገሩኝ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ግርማ ናቸው፤ የግምገማ ኮሚቴውም ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሁለተኛው ገንዳ የሚወጣው ጨርቅ ቀለም አይዝም፤ አንዴ ሲታጠብ የበሽተኛ ፊት ይመስላል። የገንዳው ሙቀት ግን ግድግዳው ላይ ባለው የቁጥር ሰሌዳ ሰማንያ ዲግሪ ነው፤ ልክ በዕቅዱ። ስለዚህ ጥፋቱ የቀለሙ ነው። ቀለሙን የሚበጠብጡት ደግሞ ጋሽ ታደሰ ናቸው። እንግዲህ ጋሽ ታደሰ ቀለሙን እየቀነሱ ሳሪስ ወስደው ይሸጣሉ ማለት ነው። አያችሁ? ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ መጨረሻው ገደል መሆኑ ብቻ ነው ጉዱ።

ታዲያ እኔ ለምን ተፈለግሁ? ሰሌዳው ጤነኛ ነው ብዬ እንድፈርም፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌውን ለማባረር የሚጎድል ነገር የለም።

ጋሽ ታደሰ ጡረታቸው የደረሰ፣ ለዘበኛውም ለሥራ አስኪያጁም እኩል ቆባቸውን የሚያነሡ ሰው ናቸው። ጠጋ ብለው፣ ልጄ፣ መባረሩስ ይሁን፣ ሌባ ተብዬ ወጥቼ ልጆቼን በምን ዓይኔ አያለሁ አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለተኛው ገንዳ ሊታጠብ ውኃው ሁሉ ተለቀቀ። ቀና ብዬ ሰሌዳውን ባየው ሰማንያ ይላል። ጠብታ ውኃ የሌለው ገንዳ፣ ሰማንያ! ወደ አቶ ግርማ ሮጬ ባዶ ገንዳ ሰማንያ ዲግሪ እያለ ነው ብላቸው፣ ታዲያ ዕቅዱ ሰማንያ አይደል እንዴ አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ከገንዳዎቹ የሙቀት መለኪያዎች በሽቦ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ቁጥር የምትቀይር አንዲት ትንሽ ካርድ ሰሌዳው ውስጥ አለች። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ በሏት፤ ገንዳዎቹን ተራ በተራ እየሰማች የተባለችውን ትናገራለች። አንዱ ምስክር ዝም ቢልባት ግን አፏ ውስጥ የቀረውን የፊተኛውን ቃል ትደግመዋለች። የአንደኛውን ገንዳ መለኪያ አውጥቼ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብነክረው የሁለቱም ቁጥር አብሮ ወረደ። ሁለተኛው ለካ የራሱ ቃል ኖሮት አያውቅም! አንደኛው ሲሞቅ ሁለተኛውም ሞቀ ይባላል፤ ገንዳውን በእንፋሎት የሚያሞቁት ጋሽ ታደሰም በታዘዙት መሠረት፣ ሰማንያ ሲል ጠብቀው፣ ገና ለብ ያለውን ገንዳ እንፋሎት ይዘጋሉ። ለብ ባለ ውኃ ደግሞ ምን ቀለም ይይዛል?

የሁለተኛውን ገንዳ ሽቦ በግድግዳው ላይ ተከተልኩት። መሀል ላይ ተቆርጧል። የጎደለው ቁራጭ የት እንዳለ ለማወቅ ቀና ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «ጥራት መለያችን ነው» የሚለውን ባነር ግራና ቀኝ ወጥሮ ይዞታል። ማን ሰቀለው ብዬ ብጠይቅ ሠራተኞቹ በኩራት፣ አቶ ግርማ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ነው አሉኝ።

ሌላ ሽቦ ቀጠልኩ። ገንዳው ተሞልቶ እንፋሎት ሲለቀቅለት አንደኛው ሰማንያ ሲል ሁለተኛው አርባ አለ። ጋሽ ታደሰ ቁጥሯን እያዩ እንባቸው መጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው ኮሚቴ አያውቅም።

በማግስቱ በስብሰባው ላይ ሁሉን አስረዳሁ። አቶ ግርማ አመስግነውኝ ሲያበቁ፣ ባለሙያው ያለውን እናከብራለን፣ ሆኖም ባነሩ ለጥራት የተሰቀለ ስለሆነ ለጥራት ጉድለት ምክንያት ሊሆን አይችልም አሉ። ስለዚህ የቀድሞው ሰማንያ ትክክል እንደነበር ይጽና፤ የቀለሙም ስርቆት ይጽና፤ ጋሽ ታደሰ ግን ዕድሜያቸው ታይቶ በመባረር ፈንታ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወሩ። የሚደግፍ? እጅ እንደ ጫካ ቆመ። እኔ የውጭ ሰው ነኝ፣ ድምፅ የለኝም፤ ቁጭ ብዬ እጆቹን ሳይ ከፊት ረድፍ፣ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የጋሽ ታደሰ እጅ ነበር።

ሌባ የተባሉት ሰው የተዛወሩት ወደ ጥበቃ ነው። ሒሳቤን ልቀበል ስመለስ በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። አላስቻለኝም፤ ምነው ጋሽ ታደሰ፣ በገዛ ራስዎ ላይ እጅዎን ያወጣሉ አልኳቸው። ቆባቸውን አንሥተው እጃቸውን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ፣ ምን ላድርግ ልጄ፣ የሚደግፍ ሲባል እኔን ሳያማክር ነው የሚወጣው አሉኝ።