ይሉኝታን ጨዋነት ማስተማር

በእኛ አገር ለውሻ ስም የሚወጣለት ውሻውን ለመጥራት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤት እንዲሰማው ነው። ከጎረቤቱ የተቀያየመ ሰው ሄዶ «ምን በደልሁህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ቡችላ ያመጣና «ምን አረግሁት» ብሎ ይሰይመዋል። ከዚያማ ጧት ጧት በሩ ላይ ቆሞ ስሙን እየጠራ ይጮኻል። ምስኪኑ ውሻ በነገሩ የለበትም፤ የሰው ጠብ እንደ ተሸከመ ያረጃል።

የእኔ ውሻ «ይሉኝታ» የተባለው ግን ማንንም ለመንካት አልነበረም። ስሙን ያወጣችው ባለቤቴ ወርቅነሽ ናት። ዘመዳችን ከዱርቤቴ በጆንያ ይዞት የመጣ ዕለት፣ ቡችላው ከጆንያው እንደ ወጣ በቀጥታ የምሳ ሰሃኔ ውስጥ ገብቶ ቆመ። «ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም፤ እንግዲህ በስሙ እንኳ ይኑረው» አለች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ያን ቀን መልአኩ ሌላ ጉዳይ ገጥሞት ነበር መሰለኝ።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ነው። ግንብ የሚለየን ጎረቤታችን ሐጅ ኑሩ ይባሉ ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ኋላ ሱቁን ለልጆቻቸው ለቀቁ። እኔም ከጂኦግራፊ መምህርነቴ ጡረታ ወጥቼ ነበርና፣ እሳቸው የአስር ሶላታቸውን ሰግደው ወደ እኛ ግቢ ይመጣሉ፤ ከማንጎው ሥር አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንጫወታለን። እኔ ማክሰኝትን በካርታ ላይ አውቃታለሁ፤ እሳቸው ገበያዋን፣ ጭቃዋን፣ ማን አልጋ እንደሚያከራይባት ያውቃሉ። በሁዳዴ እሳቸው ያዝኑልኛል፣ በረመዳን እኔ አዝንላቸዋለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያለው ሰው እኛን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩ ይሉኝታም ሐጅ ኑሩን መውደዱ ነው። ያውም እንደ እኔ በልኩ አይደለም። ገና በሩ ሲንኳኳ ያብዳል፤ እጃቸውን ሊልስ፣ ልብሳቸውን በአፍንጫው ሊያሽ ይንደረደራል። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ደግሞ ለእሳቸው ሳይታጠብ አይሰገድበትም። እኔ በአንድ እጄ ውሻውን በአንድ እጄ ሰላምታውን ስይዝ፣ እሳቸው «ተወው መምህር፣ ፍጥረት ነው» እያሉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ።

አንድ ዓርብ ወርቅነሽን ትንሽ አሟት ነበርና፣ ሐጅ ወደ ጁምዓ ሲሄዱ መንገዳቸውን ሰበር አድርገው ሊጠይቋት ገቡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ሽቷቸው ከእሳቸው ቀድሞ ገብቷል። ይሉኝታ ለካ ከጣና ዳር፣ ከደንገሉ ውስጥ ሲንቦጫረቅ አርፍዶ ያን ጊዜ መመለሱ ኖሯል። አጠገባቸው ቆሞ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ተራገፈ። ጭቃው ከጢማቸው እስከ ጫማቸው ደረሰ። ምን ይባላል እንዲህ ሲሆን? እሳቸው ፊታቸውን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ «እግዜር ይማርሽ ወርቅነሽ» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን ቀሩ። ልጠይቃቸው ብሄድ ትንሽ አሞኝ ነው አሉኝ። እንዳላመማቸው አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃሉ። እውነተኛው ይሉኝታ እንዲህ ያለው ነው እንግዲህ፤ የእኔ ግን አጥር ሥር አጥንት ይቆፍራል።

ማስተማር ሥራዬ አይደል? ጀመርሁ። ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ በለሆሳስ እየተናገረ ውሻውን ሲያስቀምጥና ሲያስነሳ አየሁ። ከሥጋ ቤት ሳንባ አመጣሁና ቆራርጬ «ቁጭ በል!» አልሁ። ሳንባውን ሲያይ ተቀመጠ፤ እንደ ዋጠው ተነሣ። ወርቅነሽ በመስኮት ሆና፣ «እሱ የገባው ሳንባው ነው፤ ትምህርቱ አይደለም» አለች። የክፍል ልምዴ ትዝ አለኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ይሉኝታ ደስ አለው፤ አብሮኝ ጮኸ።

ጩኸታችን ግንቡን ተሻግሮ ኖሮ ሐጅ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «መምህር፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላ?» አሉ። ነገሩን ባስረዳቸው ሳቁ። «በል እንግዲያ እኔው ልግባ ልውጣለት። የሚያስቸግረው ሰው ሲገባ እያየ እንጂ በወሬ ይማራል እንዴ?» አሉ።

እንዲህ ሆኖ እኒያ ትልቅ ሰው የትምህርት መርጃ ሆኑልኝ። በየቀኑ በሩን አንኳኩተው ይገባሉ፤ እኔ «ቦታህ!» ብዬ ይሉኝታን ጥጉ ላይ ካለው ዘይቱን ሥር አስተኛዋለሁ፤ ከተነሣ ሐጅ ይወጡና እንደገና ያንኳኳሉ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። አንዲት ሴትዮ «እኒህ ሰው ምን አጥፍተው ነው እንዲህ የሚያመላልሷቸው?» ብላ ወርቅነሽን ጠየቀቻት። በመሐል ሐጅ የበሩን እንጨት ደገፍ ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። «አሁንስ ይብቃዎት» ስላቸው፣ «ተማሪህ ሳይሰለች እኔ ልሰልች?» ይላሉ።

ከብዙ መግባትና መውጣት በኋላ አንድ ቀን በሩ ሲንኳኳ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ይሉኝታ በራሱ ተነሥቶ ሄዶ ዘይቱኑ ሥር ተኛ። ሐጅ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ማሻ አላህ! ከልጆቼ ይሻላል!» ያን ቀን እንደ ሳቅነው በኋላ አልሳቅንም።

ያ ትንፋሽ ማጠር የዕድሜ አልነበረም፤ የልብ ነበር። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወስደው አሳከሟቸው፤ ከስተው፣ ድምፃቸው ቀጥኖ ተመለሱ። ያን ጊዜ የምመላለሰው እኔ ሆንሁ። አንድ ቀን ትራስ ተደግፈው፣ «ይሉኝታ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው። ቦታውን አልረሳም» አልሁ።

«እንግዲህ አታስጨንቀው። እኔ ከሌለሁ ማን ይጠየፈዋል? ካጠገብህ አስቀምጠው።»

«ምነው ሐጅ፣ ይድናሉ እኮ!» አልሁ። እሳቸው ግን እንደዚያ ጊዜው «ትንሽ አሞኝ ነው» አላሉኝም። ይሉኝታቸው እኔን ለመዋሸት እንኳ አቅም አጥቶ ነበር።

በሳምንቱ ዐረፉ። እንደ ወጉ ቀብራቸው የዚያኑ ዕለት ነበር። ውሻውን ግቢ ውስጥ ቆልፌ ከሰዉ ጋር ሄድሁ። ሁሉም ጸጥ ብሎ አፈር ያለብሳል። እኔ ግን አፈሩ ሲወድቅ ስሰማ አልቻልሁም፤ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብዬ እንደ አገሬ ልቅሶ ጮኽሁ፤ ደረቴን መታሁ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው እጄን ያዙና፣ «በእኛ ዘንድ ድምፅ አይወጣም ወንድሜ፤ ዱዓ ያድርጉላቸው» አሉኝ። ጨዋነት ያልተማርሁት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። የሐጅ ልጅ ግን ትከሻዬን አቅፎ፣ «ይተዉአቸው፣ ያልቅሱ» አላቸው።

አሁን አመሻሽ ላይ አግዳሚዋ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ወርቅነሽ አንዳንዴ ትመጣለች፤ ግን ስለ ማክሰኝት ገበያ የምታውቀው የለም። ሐጅ እንዳሉኝ ይሉኝታን ካጠገቤ ላስቀምጠው አስቤ ሳንባ ይዤ፣ «ና» እለዋለሁ። ቀና ብሎ ያየኛል። ከዚያ በሩን ያያል። ከዚያ አገጩን መዳፉ ላይ አድርጎ እዚያው ዘይቱኑ ሥር ይተኛል። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ሄጄ ብጎትተው እንኳ ገና እንደ ለቀቅሁት ተመልሶ ይሄዳል።

ስንቱን የወንዝ ስም አስተምሬ ስንቱ ፈተናው እንዳለፈ ረሳው! አንድ እንኳ የማይረሳ ተማሪ ባገኝ እያልሁ አረጀሁ። አገኘሁ። ይኸው አሁን ማታ ማታ፣ እባክህ እርሳው እያልሁ እለምነዋለሁ።